የግሽ ዓባይን ምንጭ ማን አሳየው?

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1790፣ የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ሲያሳትም ያቺን ቀን የጻፋት በትልቅ ድምፅ ነው፤ ነገሥታት ጦር አስከትለው ተመኝተው የቀሩበትን ምንጭ እርሱ፣ አንድ ተራ ሰው፣ ደረሰበት። ከምንጩ ቀድቶም ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤንነት ጠጣ።

ብቻውን ግን አልነበረም። ሥዕል የሚሥልለትና የአየሩን ጠባይ የሚመዘግብለት የቦሎኛው ሰው ሉዊጂ ባሉጋኒ አብሮት ነበር። ብሩስ ይህን ሰው ከዚያ ጉዞ በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈው፤ ባሉጋኒ ግን ከግሽ ተመልሶ በ1771 ጎንደር ላይ ነው የሞተው። መንገዱን የመራው ወልዶ የሚባል ሰው ነው። ግሽ ላይ የተቀበሉት ደግሞ የምንጩ ሹም፣ ብሩስ ራሱ «የወንዙ አገልጋይ» ብሎ የሚጠራቸው ሽማግሌ ክፍለ ዓባይ ናቸው። ስማቸው በመጽሐፉ አለ። ብሩስ ቤታቸውን፣ ቤተሰባቸውን፣ በምንጩ ላይ የሚፈጽሙትን ሥርዓት ሁሉ ጽፏል። «ማን አገኘው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ግን ክፍለ ዓባይም ወልዶም ባሉጋኒም ከዐረፍተ ነገሩ ይወጡና «እኔ» ብቻ ይቀራል።

ምዕራባውያን የምሥራቅን ሕዝቦች እንዴት አድርገው ጻፉ የሚለው የምሁራን ክርክር ለእኔ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ሰው ስለ ጎጃም የጻፈውን ስናነብ ብዙዎቻችን ቀድመን የምንጠይቀው «አክብሮናል ወይስ ንቆናል?» ብለን ነው። ይህ ጥያቄ ስሜታችንን እንጂ መጽሐፉን አይመረምርም። የሚመረምረው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማን ነገረው? በየትኛው ቋንቋ? የነገረው ሰው ስም የት ገባ?

ክርክሩ ራሱ አጭር መግለጫ ያስፈልገዋል። ኢየሩሳሌም የተወለደው ኤድዋርድ ሰዒድ በ1978 ኦሪየንታሊዝም የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ ቃሉን በሦስት መልክ ፈታው። አንደኛው በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የምሥራቅ ጥናት ነው። ሁለተኛው ዓለምን «እኛ» እና «እነሱ» ብሎ የሚከፍል የአስተሳሰብ ዘይቤ ነው። ሦስተኛው ምሥራቅን የመግለጽ፣ የማስተማርና የማስተዳደር ሥልጣን ያለው ተቋም ነው፤ ናፖሊዮን በ1798 ግብፅ ሲገባ ከመድፉ ጋር ሊቃውንት ይዞ የገባው ለዚህ ነው። ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ግብፃዊው አንዋር አብደልማሌክ በ1963፣ ፍልስጥኤማዊው ቲባዊ በ1964 ተቀራራቢ ክስ አቅርበው ነበር። በ1973 ደግሞ በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የምሥራቅ ተመራማሪዎች ጉባኤ «ኦሪየንታሊስት» የሚለውን ስም ከራሱ ላይ አነሣ።

ተቃውሞውም ከባድ ነበር። የምሥራቅ ታሪክ ተመራማሪው በርናርድ ሉዊስ በ1982 በምሳሌ መለሰ፤ ግሪኮች ተነሥተው የጥንቱን ግሪክ የሚያጠና ሁሉ ሰድቦናል ቢሉ ምን ይባላል አለ። ሮበርት ኧርዊን በ2006 ሰዒድ ጀርመኖችን ዘሏል ብሎ አጥብቆ ነቀፈው። ጀርመን በዚያ ዘመን በምሥራቅ ይህ ነው የሚባል ቅኝ ግዛት ሳይኖራት በጥናቱ ግን ቀዳሚ ነበረችና፣ እውቀት የሥልጣን አገልጋይ ነው የሚለው ክስ እሷ ላይ ሲደርስ ይላላል። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ የሶርያዊው የሳዲቅ ጀላል አል-አዝም ትችት ነው። በ1981 ያነሣው ነገር ይህ ነው፤ «እኛ በተፈጥሯችን ከእነሱ የተለየን፣ በእነሱ መለኪያ የማንለካ ነን» ስንል ያው ኦሪየንታሊዝም ተገልብጦ በእኛ አፍ ይናገራል። ኢትዮጵያን የሚመለከት አንባቢ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። «እኛ ቅኝ ያልተገዛን ነን፣ ስለዚህ ክርክሩ አይነካንም» የሚለው አነጋገር ከዚያው ጉድጓድ ይወድቃል።

ወደ ሥራው ልግባ። የአንድ ተጓዥ መጽሐፍ ሲገጥመን ከምን እንጀምር?

ከቀኑ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። ዛሬ ኖቬምበር 4 ማለት ጥቅምት 25 ነው። ስለዚህ ብሩስ ግሽ የደረሰው ጥቅምት 25 ቀን 1763 ዓ.ም. ነው ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ ስሕተት ግን ነው። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1800 እና በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረገም፤ የእኛ ባሕረ ሐሳብ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጉን አላቋረጠም። በየጊዜው አንድ አንድ ቀን ተራራቁ። በ18ኛው መቶ ዓመት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 9 ነበር። ስለዚህ የዛሬው ሰንጠረዥ በሚሰጠው የኢትዮጵያ ቀን ላይ ለ18ኛው መቶ ዓመት ሁለት ቀን ይጨመራል፤ ለ19ኛው መቶ ዓመት አንድ፣ ከ1582 እስከ 1700 ላለው ሦስት። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ ጳጉሜን 6 ያለፈችበት ማግሥት ነውና እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አንድ ቀን ይቀነሳል። 1763 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ የሚቀነስ የለም። እንግሊዞች ደግሞ እስከ 1752 የቆየውን የዩልዮስ አቆጣጠር ይጠቀሙ ስለ ነበር ከዚያ በፊት ለተጻፈ የእንግሊዝ ሰነድ ሒሳቡ ሌላ ነው። እንግዲህ የብሩስ ቀን ጥቅምት 27 ላይ ያርፋል፤ ዓመታዊው የመድኃኔ ዓለም በዓል። በዚያ ቀን ማን በሥራ ላይ፣ ማን በቤተ ክርስቲያን እንደ ነበር ከትረካው ለማውጣት የሚሞክር ሰው በ25 ከተመራ ያልነበረ የሥራ ቀን ይፈጥራል።

ቀጥሎ ስም። የላቲን ፊደል ጠን ከተ፣ ቀን ከከ፣ ጨን ከቸ፣ ጸን ከሰ አይለይም። በብሩስ ጽሑፍ «ማይትሻ» የምትባለው አገር ሜጫ ናት፤ «ትዛና» ደግሞ ጣና ነው፣ በጥንቱ አጻጻፍ ጻና። ስሙን ለመመለስ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ የሚቀርቡትን የእኛን ድምፆች በሙሉ ማፈራረቅ፣ ከዚያ በመንገዱ ቅደም ተከተል ማስተያየት ነው፤ ከየት ተነሣ፣ የትኛውን ወንዝ ተሻገረ፣ የት አደረ። በካርታ ላይ ስሙ የሚመስል ቦታ ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ በጎጃም አንድ ስም ያላቸው ቀበሌዎች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው ከምንጩ ምንጭ መድረስ ነው። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እንላለን፤ የጉዞ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ (ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህን) ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ግሽን ያየው በ1618 ነው፤ ከብሩስ 152 ዓመት ቀድሞ። ብሩስ ይህን አልቀበልም አለ። ምክንያቱን ስንመለከት የሚያስተምር ነው። ፓኤዝ ታሪኩን በፖርቱጋልኛ ጽፎ በ1622 ሞተ፤ ጽሑፉ ግን ሳይታተም ኖረ። ብሩስ የተከራከረው ከዚያ ተቀንጭቦ በላቲን ከወጣው፣ ጀርመናዊው ሊቅ አትናቴዎስ ኪርሸር በ1652 ካሳተመው ክፍልና ያንን ከመሳሰሉት ነው። ቅንጫቢዎቹ እርስ በርስ ባለመስማማታቸው ነገሩ ሁሉ ፈጠራ ነው ብሎ ደመደመ። ሙሉው ጽሑፍ በ1905 እና 1906 በካሚሎ ቤካሪ አሳታሚነት ሲወጣ ክርክሩ አለቀ። ቅንጫቢ አንብቦ በባለቤቱ ላይ መፍረድ በብሩስ አልቆመም። ሰዒድን ከሁለት ገጽ ጥቅስ የሚያወድሱም የሚነቅፉም ዛሬም ሞልተዋል።

ብሩስን ጥሎ መሄድም አይገባም። መኃልየ መኃልይን ወደ ልዩ ልዩ የአገራችን ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወስዷል፤ ከእነዚህ አንዱ ጋፋትኛ ነው፣ በዓባይ ዳር በጎጃም ይነገር የነበረው። ያ ጽሑፍ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቆየ። የቋንቋ ሊቁ ወልፍ ሌስላው በ1945 ስለ ጋፋትኛ ያሳተመው ጥናት መሠረቱ ይህ ነው። በኋላ ጎጃም መጥቶ ሲፈልግ ያገኘው ጥቂት የቋንቋው ተናጋሪዎችን ብቻ ነበር። ዛሬ ጋፋትኛ የለም። አንድ የጋፋት ሰው ተቀምጦ ቃል በቃል ባይተረጉም፣ ብሩስም ባያስተረጉም ኖሮ ከቋንቋው የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነበር። ይህን ሳስብ ክሱም ምስጋናውም በአንድ ልብ ውስጥ ይገባሉ።

ስለ ሁለቱ እንግሊዛውያን፣ ስለ ደራሲው ጆንሰንና ስለ ታሪክ ጸሐፊው ጊበን፣ ብዙ አልልም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 የኢየሱሳዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን ጉዞ ከፈረንሳይኛ ሲተረጉም፣ ይህ ሰው በዐይኑ የሚገድል እባብ አያወራም፣ አዞዎቹም የያዙትን ሲበሉ አያለቅሱም ብሎ በመግቢያው አመሰገነው። በ1759 ግን ያው ጆንሰን የእናቱን መቀበሪያ ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች በጻፈው ልብ ወለድ፣ ሐበሻን ልዑላን በደስታ ሸለቆ የሚታሰሩባት የምናብ አገር አደረጋት። ኤድዋርድ ጊበን ደግሞ በ1788 ኢትዮጵያውያን በሃይማኖታቸው ጠላቶች ተከበው ዓለምን ረስተው፣ ዓለምም ረስቷቸው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ተኙ አለ። በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያምን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ የላኩት ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ደርሷል። የተኛ ሰው መልእክተኛ አይልክም።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚነጻጸር አንድ ሥራ አለ። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ የአማራው መካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የተግባቡት በግእዝ ነው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ድረስ ሄደው በጎታ መስፍን ቤት ተቀምጠው ለጥያቄዎቹ ሲመልሱ ከረሙ። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያሳትም ይህን ያልኩት ጎርጎርዮስ ስለነገረኝ ነው እያለ ይጽፋል፤ ሲለያዩም ይለያያሉ፤ አባ ጎርጎርዮስ የሚቃወሙትን ሉዶልፍ መቃወማቸውን ይነግረናል። ሥዕላቸውንም አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አላያትም፤ ብሩስ ዓመታት ኖረባት። በነገረው ሰው አያያዝ ግን ያላየው ካየው በለጠ።

አሁን ጎጃምን ይበልጥ ወደሚነካው ልምጣ። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 ሰምና ወርቅን የመጽሐፉ ርእስ አድርጎ ስለ አማራ ባህል ጻፈ። ሐሳቡ በአጭሩ፣ የሁለት ትርጉም ወዳድነት ከግጥም አልፎ መላውን የአማራ ኑሮ ያቀለማል፤ ይህ ደግሞ ግልጽነትን ከሚሻው ዘመናዊነት ጋር አይጣጣምም የሚል ነው። ለማሳያ ካቀረባቸው አንዱ ይህ ነው፦

እፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ይህን በቅኔ ቤት ዐይን እንየው። «አዳም» ሰም ነው፣ «ከንፈርሽ» ወርቁ። «መድኃኔ ዓለም» ሰም ነው፣ «ልቤ» ወርቁ። ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የተደበቀ የለም። ግሶቹ ግን አንድ አንድ ናቸው፤ «በልቶ» ለአዳምም ለከንፈርም፣ «ተሰቀለ» ለመድኃኔ ዓለምም በናፍቆት ለተንጠለጠለ ልብም መስማማት አለባቸው። ሙያው ያለው እዚያ ነው። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ በጠባቡ ሲነገር ማለት ይህ ነው፤ ጥንድ አድርጎ ማቆም። ትርጉሙ ጨርሶ ውስጥ የሚገባው ሌላ ነው፤ ውስጠ ወይራ ይባላል። ሌቪን የጠባቡንና የሰፊውን ልዩነት ያውቅ ነበር፤ የሚሰናከለው ከጠባቡ ወደ ሰፊው፣ ከሰፊው ወደ ሕዝብ ጠባይ ሲዘል ነው።

ቅኔ እንዴት እንደሚማሩት የሚያውቅ ሰው ዝላዩ ለምን እንደማይሠራ ወዲያው ያያል። ተማሪው ግስ ያጠናል፤ ርባ ቅምሩንና አገባቡን ይይዛል። ቆጠራ፣ ማለት ቅኔ መድረስ፣ የሚጀምረው በባለ ሁለት ቤቱ (ባለ ሁለት ስንኙ) ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ባለ ሦስቱን ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ባለ አምስቱን ዋዜማ፣ ባለ ስድስቱን ሥላሴ እያለ ወደ ባለ ስምንቱ መወድስ ይወጣል። ቀን በየጥሻው ተቀምጦ የቆጠረውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያቃናል፤ ግሱ ለሰሙ ሰምሮ ለወርቁ ካልሰመረ ቅኔው ይወድቃል፤ ቤቱ ከዜማው ልክ ቢያጥር ወይም ቢተርፍ ይወድቃል፤ ባለቤትና ግስ ካልተስማሙ ይወድቃል። «ሁለት ትርጉም አለው» ማለት «የፈለግከውን ተርጉም» ማለት አይደለም። ትርጉሞቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ልክ መሆን አለባቸው፤ መምህሩም ሁለቱንም ይፈትሻል። ይህን ያህል ጥብቅ ትምህርት የብዥታ አምልኮ ብሎ መጥራት፣ የዋሸራንና የጎንጅን ጉባኤ ቤቶች ከክርክሩ አስወጥቶ ስለ እነሱ መናገር ነው። ሌቪን የመስክ ሥራውን በዋናነት ያካሄደው በመንዝ ነው፤ የቅኔው ዋና ቤት ግን ጎጃም ነው።

ለሌቪን ፍትሕ ለማድረግ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በ1985 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ነገሩን ገለበጠው። ዘመናዊው ምዕራብ ከአንድ በላይ ትርጉም ካለው ንግግር መሸሹ ብዙ ነገር አሳጥቶታል አለ፤ ሰምና ወርቅንም ከጎደሎነት ወደ ብልሃትነት አሸጋገረው። ሰውየው ሐሳቡን ማደሱን ሳይናገሩ የ1965ቱን ብቻ እየጠቀሱ መክሰስ፣ ብሩስ በፓኤዝ ላይ ያደረገውን መድገም ነው።

የአሜሪካዊው ተመራማሪ የአለን ሆቤን ሥራ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያሳያል። ሆቤን ጎጃም ውስጥ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናውን የመሬት ይዞታ በ1973 አሳተመ። ያን ጊዜ የእኛው ተማሪዎችና ሹማምንት «ፊውዳል» የሚለውን የአውሮፓ ቃል ይዘው አገሩን በሙሉ ያነቡበት ነበር። ሆቤን ግን ርስትና ጉልትን ለያየ። ጉልት ግብር የመቀበልና የመዳኘት መብት ነው፤ የአፈሩ ባለቤትነት አይደለም። ርስት ደግሞ ከአቅኚው አባት የሚወርድ፣ በአባትም በእናትም በኩል የሚጠየቅ ድርሻ ነው። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያለ የመጠየቂያው መንገድ ይበዛል። አንድ ገበሬ በብዙ አባቶች በኩል ባለ መብት ነው፤ በተግባር የሚያርሰው ግን ተከራክሮ፣ ዘመድ ቆጥሮ፣ ሽማግሌ አቁሞ የያዘውን ያህል ነው። ይህን የማያውቅ ሹም በ1967 የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255ን ይዞ ጎጃም ሲገባ በ1968 አመፅ ገጠመው። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ ግምትና ልኬት ከገቡ ቀላድ (መሬትን በገመድ ለክቶ መደልደል) ይከተላል፣ ቀላድ ከተከተለ ርስት ይጠፋል ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ኋላ ቀርነት የመሰለው በደጋ ዳሞት ሕግ የሚያውቅ ሰው ሥጋት ነበር። እዚህ ላይ ጎጃምን ከውጭ ሆኖ በተዋሰው መነጽር ያየው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ቀርቦ ያዳመጠው አሜሪካዊው ነው።

ጎጃሞችም በዚህ ታሪክ ተነጋሪ ብቻ አይደሉም። በ1868 ዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኔፕልስ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አስተማሪ ሆነ፤ ሰዒድ ከሚከሳቸው ቤቶች በአንዱ ውስጥ ወንበር የያዘ ሰው ማለት ነው። በ1908 ለአውሮፓውያን ተጓዦች በፈረንሳይኛና በአማርኛ የንግግር መምሪያ አሳተመ። «ዳቦ ስንት ነው? በቅሎውን ጫን» ከሚሉት ንግግሮች መካከል የአገሩን አስተዳደር የሚተች ረጅም ወሬ አስገባበት። በኋላ ከኢጣሊያ ጋር መወገኑን ሳንረሳ ልናነበው እንችላለን። በሌላው በኩል አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ አሉ። ከኦሮሞ ቤተሰብ በልጅነታቸው ተማርከው ጎጃም የመጡ፣ ቅኔ የተማሩ፣ ሠዓሊ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ። የጎጃምን ትውልድና ታሪክ በአማርኛ ጻፉ። በግርማ ጌታሁን ተዘጋጅቶ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በ2014 ሲወጣ የውጭ አንባቢ ጎጃምን በጎጃም ብዕር ማንበብ ቻለ። የእሳቸውንም መጽሐፍ በዚያው ጥያቄ ነው የማነበው፦ ይህን ማን ነገራቸው? የየትኛው ወገን ሽማግሌ?

አሁንም በየደብሩ ቅኔ በስልክ እየተቀዳ ይሰራጫል፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ባለቤቱ ስም። ቅኔ ለዕለቱ ይዘረፋል፤ ተመልሶ አይባልም፤ ስለዚህ የሚቀዳ ሰው ከድምፁ ጋር ሊይዛቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የቅኔው ዓይነት ከነቤቱ ቁጥር፣ የተባለበት በዓልና ቀን፣ ደብሩ፣ ባለ ቅኔው የተማሩበት ጉባኤ ቤት፣ ሰሙንና ወርቁን ለያይተው ያስረዱት መምህር ማን እንደሆኑ። ከሁሉ በፊት ግን፣ እሳቸው ከፈቀዱ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የባለ ቅኔው ስም ይጻፍ።